ድንኳኑ «ለሁለት ሰው» ነው አሉ

ድንኳን ተክሎ በሚታደርበት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገኘት የሚሰናዳን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨው፣ ስለ ዘፋኞቹ ማለቂያ የሌለው ወሬ እየተነገረው ስለ እንቅልፍ ግን ማንም ትንፍሽ አለማለቱ ነው። «ለሁለት ሰው» ተብሎ የሚሸጠው ድንኳን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተጋደመበት በኋላ ለሻንጣ የሚተርፍ ቦታ ስለማይኖረው የሦስት ሰው መግዛት ግድ ይሆናል፤ ታዲያ ቁጥሩ የተጻፈው ለማን ነው? የመኝታ ከረጢቱም፣ ሻጮች የቱንም ያህል ቢያሞግሱት፣ በሰውነት ክብደት ሲጨፈለቅ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ከሥሩ ፍራሽ ካልተነጠፈ የመሬቱ ቅዝቃዜ ሲሰረስር ያድራል። የጆሮ መድፈኛውና የዝናብ ልብሱ ሌላ ወጪ ነው። በብዙ ፌስቲቫሎች የመስታወት ጠርሙስ ማስገባት ክልክል መሆኑን የሚገልጸው ማስታወቂያስ በደቃቃ ፊደላት ተጽፎ ግርጌ ላይ የሚደበቀው ለምን ይሆን?