ግማቱም ቅርስ ነው

በ1858 የበጋ ወራት የለንደን ፓርላማ አባላት ሥራ መሥራት አቃታቸው። ጦርነት መጥቶባቸው አይደለም፣ ሽታ ነው። የከተማው ቆሻሻ ሁሉ የሚደፋበት የቴምዝ ወንዝ በሙቀቱ ገማ። ወንዙ ዳር ያለው አዳራሻቸው የማይቀመጡበት ሆነ። መጋረጃዎቹን የኖራ ክሎራይድ ውስጥ ነክረው ሰቀሉ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻ ለዓመታት ሲጓተት የኖረውን የፍሳሽ መስመር ጉዳይ በጥቂት ሳምንት ሕግ አወጡለት። ሺዎችን የገደለው ኮሌራ ያላስቸኮላቸውን ሰዎች አፍንጫቸው አስቸኮላቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገርመው፣ ያኔ አብዛኛው ሰው ኮሌራን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 በሽታው በውሃ እንደሚመጣ ቢያሳይም ብዙ ሰሚ አላገኘም። ስለዚህ መስመሩ የተሠራው ሽታውን ለማጥፋት ተብሎ ነው። ያዳነው ግን የሚጠጣውን ውሃ ነው።

ይህን ያነሳሁት ሽታን እንደ ቅርስ ማጥናትና ማቆየት የሚለው ሐሳብ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠንከር ብሎ ስለመጣ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። ወሬው ሁሉ ወደ ሽቶ ያደላል። ግማቱስ?

እስቲ መጀመሪያ ሽታ እንዴት እንደሚያዝ እንይ። የአሮጌ መጽሐፍን ሽታ ውሰዱ። ወረቀት ሲያረጅ ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም በአየር ላይ የሚበኑ ውህዶች ይለቃል። ከነዚህ አንዱ ቫኒሊን ነው፣ የቫኒላን ጠረን የሚሰጠው። ተመራማሪዎች መጽሐፉን ሳይነኩት በዙሪያው ያለውን አየር ይስቡና ውህዶቹን አንድ በአንድ በሚለይ ማሽን ውስጥ ያሳልፉታል። ማሽኑ ዝርዝር ያወጣል። ግን ዝርዝር አይሸትም። ስለዚህ አንዳንዴ ማሽኑ ጫፍ ላይ ሰው ይቀመጣል። አፍንጫውን መውጫው ላይ ደግኖ፣ እያንዳንዱ ውህድ ብቅ ሲል “ይኼ ሣር ሣር ይላል፣ ይኼ ኮምጣጤ” እያለ ይመዘግባል። ያን ሁሉ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ መጨረሻው የሰው አፍንጫ መሆኑ ደስ ይለኛል።

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ቤተ መጻሕፍት ይህንኑ ሞክሯል። ጎብኚዎቹ የክፍሉን ሽታ ሲገልጹ ሁሉም እንጨት እንጨት ይላል አሉ፤ አብዛኞቹ የጭስም ሽታ አግኝተውበታል። በሌላ በኩል የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ ምንነቱ ሳይነገራቸው የቀረበላቸው የአንድ ሙዚየም ጎብኚዎች ቸኮሌት አሉ፤ ቡና ያሉም ነበሩ።

ነገሩ ለናፍቆት ብቻ አይደለም። የድሮ ፊልም የሚያስቀምጡ ሰዎች ቆርቆሮውን ሲከፍቱ ኮምጣጤ ከሸተታቸው ይደነግጣሉ። ፊልሙ እየበሰበሰ ነው ማለት ነው፤ አሲዱ ደግሞ ጎረቤቶቹን ይበክላል።

እንግዲህ ማጥናቱ ይቻላል። ማስቀመጡም እንደዚያው። ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ ከተማ ከ1990 ጀምሮ የሽቶ ማኅደር አለ። ገበያ ላይ የሌሉትን ጭምር በሺዎች የሚቆጠሩ ሽቶዎች በ12 ዲግሪ ቅዝቃዜ፣ በጨለማ፣ ኦክስጅን እንዳይነካቸው በአርጎን ጋዝ ተሸፍነው ይኖራሉ። በ2018 ዩኔስኮ እዚያው ፈረንሳይ ያለውን የግራስ አካባቢ የሽቶ ሙያ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። የጃፓን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ደግሞ በ2001 የአገሪቱን መቶ ጥሩ ጠረን ያላቸው ቦታዎች መረጠ፤ የቶኪዮው የአሮጌ መጻሕፍት ሰፈርም አለበት።

ሁሉም ያስመሰግናል። ሁሉም ግን ይጥማል። በዚህ ከቀጠልን የሚመጣው ትውልድ ያለፈውን ዘመን ሲያሸት ጽጌረዳና ሰንደል ብቻ ሊያገኝ ነው። የቆዳ ፋቂው ገንዳ የለም፣ ቄራው የለም፣ የከሰል ጭሱ የለም። አብዛኛው ሰው የኖረው ግን እዚያ ነው። ሽቶው የጥቂቶች ነበር። በብዙ አገር ቆዳ ፋቂዎች ወደ ከተማ ዳር የተገፉት በሥራቸው ግማት ምክንያት ነው። ማን የት እንደኖረ፣ ማን ከማን እንደራቀ ካርታው ላይ ብቻ አይታይም፤ ይሸታልም።

ከዚህ አንጻር የፈረንሳይ ሕግ አውጪዎች ሳያስቡትም ቢሆን ወደ እኔ ሐሳብ ይቀርባሉ። ሞሪስ የሚባል አውራ ዶሮ “በንጋት ጮኸብን” ተብሎ ባለቤቱ ተከሰሰች፤ በ2019 ረታች። መቼም ዶሮ ነው፣ ምን ይሁን! እንዲህ ያሉ ክሶች ሲበዙ በጥር 2021 የገጠሩ ድምፅና ሽታ የአገር ሀብት ነው የሚል ሕግ ወጣ። ስለዚህ ፍግም ሕግ ቆመለት ማለት ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ዮርክ ከተማ ያለው የቫይኪንጎች (ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ የስካንዲኔቪያ ባሕረኞች) ማሳያ ከ1984 ጀምሮ ጎብኚውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ሳይቀር ያስሸትተዋል። ያ ሽታ ይሠራል። ከዓመታት በፊት የጎበኙ ሰዎች መልሰው ሲያሸቱት ያዩትን በተሻለ እንዳስታወሱ በ1999 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ግን እኛ አፍንጫችንን የምንይዝበትን ሽታ ቫይኪንጉ ላያስተውለው ይችላል። ውሎ ያደረበት ሽታ ነዋ! አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ታዲያ ሞለኪውሉን ብንመልስ፣ ያን የለመደ አፍንጫ ከየት እናመጣለን?

አናመጣም። ለቫይኪንጎቹ ረፍዷል። ለቅርቦቹ ግን አልረፈደም። በጨለማ ክፍል ፎቶ ሲያጥብ የኖረ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል ለጋዜጣ ሲለቅም የኖረ፣ ቆዳ ሲፍቅ ያረጀ ሰው ዛሬም አለ። ሽታውን የሚያውቀው እሱ ነው። ናሙና የሚሰበስቡ ተቋማት ጠርሙስ ይዘው ሲሄዱ የድምፅ መቅጃም ይያዙ። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሲገቡ ምን ሸተትዎ? መቼ ለመዱት? ሥራው ሲበላሽ ከዓይንዎ በፊት አፍንጫዎ ያውቅ ነበር? ማታ ቤት ሲገቡ ልጆችዎ ምን ይሉ ነበር? አውቶቡስ ላይ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ያውቃል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሽቶ ቀማሚ አይጠየቅም። ቆዳ ፋቂው ግን ብዙ የሚለው ይኖረዋል። መልሱም ከጠርሙሱ ጋር በአንድ መዝገብ ቁጥር ይቀመጥ።