ደጅ መጥናት የረሳን ወገኖች

ወገኖቼ፣ ስሙኝ! የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ወስደን ባለሙያ ተብለን ካልተጠራን የምናኮርፍ፣ መምህር ሲያርመን የምንቀየም፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት የልጅ ደብተር ስናይ የምንቆጣ ሆነናል። ነውር ነው!

የቻይናውን የብሩሽ ጽሕፈት ሊቅ ያን ዠንቺንግን ልብ በሉልኝ። በ709 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተወለደ፤ አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። በ734 ከባዱን የመንግሥት ፈተና አልፎ ሹመት አገኘ። እኛ ብንሆን እዚያ ላይ በቃን ባልን። እሱ ግን የሊቹዋን ወረዳ ሹመቱን ሲጨርስ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ወደ ሉኦያንግ ከተማ ሄዶ የጽሕፈት ሊቁን የዣንግ ሹን ደጅ ጠና። በያን ዠንቺንግ ስም የተላለፈው ጽሑፍ እንደሚተርከው፣ ዣንግ ሹ የጥበቡን ምስጢር ንገረን የሚሉትን ሁሉ በሳቅ ይቀበላቸውና ሦስት አምስት ወረቀት በፈጣን ጽሕፈት ሞልቶ ያሰናብታቸው ነበር። ዣንግ ሹን ዓመት ያህል በቤቱ ያስቀመጠው ፔይ ጂንግ እንኳ ያገኘው ቃል፣ አብዝተህ ገልብጥ፣ ያኔ ራስህ ይገባሃል የሚል ብቻ ነው። ያን ዠንቺንግ ግን አልተመለሰም፤ መምህሩ አፉን እስኪከፍትለት ድረስ አጥብቆ ለመነ። ከእኛ መካከል እንዲህ የሚታገሥ ስንት ሰው አለ?

በ752 የጻፈው የዱኦባኦ ፓጎዳ (የቡድሃ እምነት ግንብ) ሐውልት ጽሕፈት ንጹሕና ጥንቁቅ ነው። በ755 የጦር አዛዡ አን ሉሻን በመንግሥት ላይ ሲያምፅ፣ ያን ዠንቺንግ የፒንግዩዋን ገዥ ሆኖ ተዋጋ። የአጎቱ ልጅ ያን ጋኦቺንግና የእሱ ልጅ ጂሚንግ በዓመፀኞቹ እጅ ተገደሉ፤ ከጂሚንግ አካል የተገኘው ራሱ ብቻ ነበር። በ758 ያን ዠንቺንግ ለዚህ ልጅ የኀዘን ቃል ሲያረቅቅ እየሰረዘ፣ እየደለዘ፣ ቀለሙ እየደረቀበት ጻፈ። ቻይናውያን ከቀደመው የጽሕፈት ሊቅ ከዋንግ ሺዢ ሥራ ቀጥሎ በዓይነቱ ሁለተኛ የሚሉት፣ ታይፔይ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚጠበቀው ይህ ረቂቅ ነው። ሳይገለበጥ፣ ሳይጸዳ፣ እንደተሰረዘ! እኛ ግን የልጆቻችንን ስርዝ እንደ ጥፋት እንቆጥራለን።

ዛሬም ተማሪዎች የሚገለብጡት፣ ጭረቱ የወፈረውና የተንሰራፋው የቅድመ አያቱ የያን ቺንሊ ሐውልት ጽሕፈት በ779 የተሠራ ነው። ያን ዠንቺንግ ያኔ ሰባ ዓመቱ ነበር። ከዚያም በኋላ ለዓመፀኛው ሊ ሺልየ አልገዛም ብሎ እስከተገደለበት ጊዜ ድረስ አገልግሎቱን አልተወም።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁን በስንት ወሩ ነው “አይሆንለትም” ያላችሁት?