ግላዊነት የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም

ሰሞኑን እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሲጠየቁ፣ ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛ ተጋግዘን የምንኖር ሕዝብ ነን፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚደብቀው የለም ብለው አለፉት። ተጨበጨበላቸው። እኔን ግን አንገበገበኝ።

አቦ፣ ድሬ ላይ ሰው ተዋውቆ እንደሚኖር ማን ይክዳል! ግን ጎረቤቴ የኔን ገመና ሲያውቅ እኔም የሱን አውቃለሁ። ካወራብኝ በሩን አንኳኩቼ እጠይቀዋለሁ፣ እምቢ ካለ ሽማግሌ አለ፣ ዕድር አለ፣ ሌላው ቢቀር ይሉኝታ አለ። ፎቶዬን፣ የትውልድ ቀኔን፣ ስልክ ቁጥሬን ይዞ የተቀመጠውን የማላውቀውን ሰው ግን የት አገኘዋለሁ? ማንን ሽማግሌ ልላክበት?

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብታችሁ ሲም ካርድ አውጡ። ልጁ የፋይዳ መታወቂያችሁን ተቀብሎ ፊትና ጀርባውን በገዛ ስልኩ ያነሳዋል፣ ከዚያ በቴሌግራም ለሆነ ሰው ይልከዋል። ለማን እንደሆነ አይነግራችሁም። ፎቶው ጋለሪው ውስጥ ከሠርግ ፎቶና ከኳስ ቪዲዮ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ነገ ስልኩን ሲሸጥ መታወቂያችሁም አብሮ ይሸጣል። ይሄ ነው አብሮ መኖር?

የፈረንጅ ነው ለሚሉን ደግሞ፣ የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ተጽፏል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያጸደቀው የራሳችን ምክር ቤት ነው። ሕጉ አለ፣ የጠፋው የሚያስፈጽም ነው። መንግሥት መቅጣት ሲፈልግ እኮ አይቸግረውም። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሐሰተኛ መረጃ ቢያሰራጭ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የሰው መታወቂያ ለሚያዝረከርክስ ያ ሁሉ ቁጣ የት ሄደ?

ቁጥጥር ንግድ ይገድላል የሚለውን ወሬ አልሰማም። ንግድ የሚገድለው ሰው ስልኩን መፍራት ሲጀምር ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን እንዲያስፈጽም ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ድሬ ይምጣ፣ ሱቅ ለሱቅ ይዙር። መታወቂያ በግል ስልክ ማንሳትን ይከልክል፣ ያነሳውን ያስጠፋ፣ አሻፈረኝ ያለውን ይቅጣ። አቤት የምንልበት ቢሮም እዚሁ ይክፈት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም የሚያስተናግድ።