ክፍተትን ሺህ ዓመት ያንግሥልን

«ክፍተት» የሚለውን ቃል ለመሥሪያ ቤቶቻችን ያበረከተው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ሐውልት ባቆምኩለት ነበር። ከእርሱ በፊት ይህ አገር ስህተት፣ ስንፍናና ስርቆት የሞላበት ነበር። ዛሬ የሚሳሳት የለም፤ ክፍተት ይታያል እንጂ። እርሱም በራሱ ጊዜ የተከፈተ ነው።

ባለፈው ሰሞን ሰፈራችን አሥራ ሁለት ቀን ውሃ ጠፋና ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው እንዴት ያሉ የተማሩ ሰው ናቸው! «አባቴ፣ ከዚህ አንጻር የሚስተዋሉ ተግዳሮቶችን ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት ለመፍታት አቅጣጫ ተቀምጦ ርብርብ እየተደረገ ነው» አሉኝ። በዚህ ረክቼ መመለስ ሲገባኝ «ታዲያ ውሃው መቼ ይመጣል?» ብዬ አፌን አበላሸሁ። አልተቆጡም፤ አዘኑልኝ። «ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ ይቀረናል» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ለካ ክፍተቱ እኔ ነበርኩ።

ሰዋስዉንም አድንቁልኝ። ተቀምጧል፣ ይደረጋል፣ ይስተዋላል፤ በዚያ ሁሉ አረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤት የሚባል ዝር አይልም። አቅጣጫው ተቀምጧል። ማን አስቀመጠው? የት? ከተቀመጠ ወዲህስ ተነሥቶ ያውቃል?

የጋራዥ ሰዎች ግን ያሳዝኑኛል። ከጣሊያን የወረሷቸውን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ የሚባሉ ቃላት ይዘው እስከ ዛሬ አሉ። መካኒኩ መኪና ሥር ተኝቶ «ካቻቪቴ!» ሲል ልጁ ካቻቪቴ ያቀብለዋል። ምን ዓይነት ድህነት ነው? አንድ ቃል፣ አንድ ዕቃ! ነገ ለማስተባበያ የሚተርፍ ትርጉም እንኳ የለውም።

የሕንድና የፓኪስታን ኡርዱ ተናጋሪዎችም ከእነርሱ አይሻሉም። ሙያዊ ቃልን «ኢስቲላህ» ይሉታል፤ ከዐረብኛ የወሰዱት ሲሆን «ሱልህ» ከሚለው ቃል፣ ማለትም ከዕርቅ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሰዎች በትርጉሙ የተስማሙበት ቃል ለማለት ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. በሕንዷ ሃይደራባድ ከተማ የተመሠረተው ኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናውን ሳይቀር በኡርዱ ለማስተማር ሲነሣ የትርጉም ቢሮ ተቋቁሞለት፣ ቃል የሚመርጡ ምሁራን ተሰብስበውለት ነበር። ይህ ሁሉ ድካም ተማሪው እንዲገባው ነው! እኛ ዘንድ ቃሉ ቅዳሜ በዎርክሾፕ ይወለድና ሰኞ በደብዳቤ ይወጣል። ዕርቅ የሚያስፈልገው ለተጣላ ነው፤ ያልገባው ሰው ደግሞ ከማን ጋር ይጣላል?

ደስ የሚለው፣ ልማዱ ከቢሮ አልፎ እድራችን ደርሷል። ባለፈው እሑድ የንብረት ኃላፊው ተነሥተው «ከትልቁ ድስት አንጻር ክፍተት ተስተውሏል» ሲሉ አጨበጨብን። ክፍተቱን በዘላቂነት የሚቀርፍ ኮሚቴም መረጥን፤ እኔም አባል ነኝ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ለሐሙስ ቀጠርን።

ማክሰኞ ሰው ሞተና ድንኳን ተጣለ። የለቅሶው ወጥ በትልቁ ድስት ተጣደ። ብዙም ሳይቆይ ምድጃው ተንጨረጨረና እሳቱ ጠፋ።

ድስቱ ቀዳዳ ኖሯል።