መድኃኒት አቋርጠው የሚመለሱት ይጠኑ

በ2023 በዓለም ላይ ወደ 630,000 ሰዎች ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተዋል። መድኃኒቱ እያለ ማለት ነው። በድሃ አገሮች ሆስፒታሎች በኤድስ ተዳክመው ከሚተኙት ብዙዎቹ ስለ ኤችአይቪ ያልሰሙ አይደሉም። መድኃኒት ጀምረው ያቋረጡ ናቸው። እኔ እንደማየው ግን ምርምሩ ትኩረቱን የሚሰጠው አዲስ ለሚጀምሩት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ መድኃኒት ይጀምር አለ። ትክክል ነበር። ነገር ግን ለማስጀመር ሲዲ4 (ቫይረሱ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸው ቁጥር) መለካት አያስፈልግም ሲባል፣ በብዙ ቦታ ልኬቱ ራሱ ተረሳ። ሲዲ4ቱ ከ200 በታች የወረደ፣ ማለትም የመከላከል አቅሙ በጣም የተዳከመ ሰው ደግሞ ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል።

እንዲህ ያለው ሰው ሳምንት ያለፈው ራስ ምታት ይዞት ሲመጣ ማስታገሻ ተሰጥቶት ይሸኛል። ጥቂት ደም ወስዶ ክሪፕቶኮከስ የሚባለውን ፈንገስ መመርመር ግን 10 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። ፈንገሱ ማጅራት ገትር ካመጣ ከጀርባ ፈሳሽ መቀዳት አለበት። ለምርመራ ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላት ውስጥ ያየለውን ግፊት ያቀላል። ቤተሰብ ግን «ጀርባውን የተወጋ አይተርፍም» ብሎ እምቢ ይላል። አይፈረድባቸውም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ታማሚው ካለቀለት በኋላ ነው። ይህን ፍርሃት እንዴት ማቃለል እንደሚቻል ማጥናት ከአዲስ መድኃኒት ባልተናነሰ ነፍስ ያድናል ባይ ነኝ።

የዚህ ማጅራት ገትር ሕክምናውማ ተገኝቷል። በአምስት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደውና በ2022 የታተመው አምቢሽን የተባለ ጥናት ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት አንድ ጊዜ ብቻ በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ፣ ሌሎቹ የፈንገስ መድኃኒቶች ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ለ14 ቀን አብረውት ቢሰጡ፣ ከቀድሞው ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። የጎንዮሽ ጉዳቱም ቀለል ያለ ነው። ፍሉሳይቶሲን የተሠራው በ1957 ነው። ዛሬም በስንቱ ሆስፒታል የለም!

ቲቢም አለ፤ ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች በመግደል የሚቀድመው የለም። በጣም የደከመ ታማሚ አክታ ማውጣት ያቅተዋል። በሽንት የሚሠራው ምርመራ በ25 ደቂቃ ውጤት ይሰጣል፣ የሚያመልጠው ግን ብዙ ነው። ከእሱ የተሻለ፣ ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራ ምርመራ ያስፈልጋል።

ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች ቫይረሱ በመድኃኒት የታፈነላቸውን (በደማቸው ውስጥ በጣም የቀነሰላቸውን) ሰዎች ቁጥር ይጠይቃሉ። ከሆስፒታል ወጥተው በስድስት ወር ውስጥ ቤታቸው የሚሞቱትንም ይጠይቁ።