ማሰሮ ውስጥ የቆመ ሁሉ ቦንሳይ ነውን?

ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በደሴ የሚኖሩ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር፣ ሌላዋ ኮምቦልቻ ውስጥ በመንገድ ዳር አበባና ችግኝ የምትሸጥ ነጋዴ። ያከራከራቸው ጉዳይ፦ ተራ የቤት ውስጥ ተክልን «ቦንሳይ» (በሳህን እየተገራ ድንክ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ) የሚል ወረቀት ለጥፎ መሸጥ ማታለል ነው ወይስ አይደለም?

መምህሩ፦ ልጄ ስትመረቅ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ በ1,800 ብር «ቦንሳይ» ገዛሁላት። ግንዱ የአውራ ጣቴን ያህል፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ አፈሩ ደግሞ በነጫጭ ጠጠር የተሸፈነ ነበር። ዛፍ ነው ስለተባለች ልጄ ማለዳ ማለዳ ታጠጣው ጀመር። ጠጠሩ በማጣበቂያ የተለጠፈ በመሆኑ አፈሩ ይርጠብ ይድረቅ በጣት መፈተን አይቻልም። በሁለት ወሩ ግንዱ ከሥሩ በስብሶ ተጋደመ። ያን ጊዜ ቅጠሉን ቆርጬ ባየው፣ ጄድ የሚባለው ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ተክል ኖሯል፤ በቅጠሉና በግንዱ ውሃ የሚያጠራቅም፣ ለድርቅ የተፈጠረ። የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ሲሸጥልኝ እንዴት አላወቅሁትም? በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር ብዬ ላመልጥ እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ስሙ አፍዝዞኝ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ግን ነጋዴ ነው።

ነጋዴዋ፦ ጋሼ፣ ለተክሉ አዝናለሁ፤ ጠጠር በማጣበቂያ የሚለጥፍ ሰውም አልከላከልም፣ የእኔ ደንበኞች ያንን አያዩም። ነገር ግን ክሱ ስሙ ላይ ከሆነ እንነጋገር። ቦንሳይ የዛፍ ዘር ስም አይደለም። በጃፓንኛ «ቦን» ማለት ዝርግ ዕቃ፣ «ሳይ» ማለት ተከላ ነው፤ ሳህን ላይ የተተከለ እንደ ማለት። ጃፓኖቹም ጥበቡን ፔንጂንግ ከሚባለው የቻይና ጥበብ ነው የወሰዱት። ጄድም ቢሆን እየተገረዘ ቦንሳይ ይሆናል፣ የሚሠሩት ሰዎች ሞልተዋል። ታዲያ ጄዱ በሳህን ቢቀመጥ ሐሰቱ የቱ ላይ ነው?

ደግሞ ገበያውን ይዩት። ሰው ሱቅ ገብቶ «ሃይላንድ ስጠኝ» ይላል፤ ሌላ ውሃ ይሰጠዋል፤ ጠጥቶ ይሄዳል። ለልብስ ማጠቢያ ሁሉ «ኦሞ» እንላለን። እኔ ጋ የሚመጣውም «ቦንሳይ አለሽ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የለኝም ብዬ ብመልሰው ቀጣዩ ሱቅ ገብቶ ያንኑ ተክል ይገዛል። ስሙን ያመጣው ገዢው ነው።

መምህሩ፦ የሃይላንዱ ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን ይመሰክራል። ውሃ ስሙ ቢቀያየርም ጥም ይቆርጣል። ተክል እንደዚያ አይደለም። ጄድ አፈሩ ካልደረቀ አይጠጣም። ሥሩ ያበጠው ፋይከስ፣ የዋርካ ወገን የሆነው፣ ብርሃንና ሙቀት ይፈልጋል። «የዕድል ቀርከሃ» እየተባለ በውሃ ዕቃ የሚሸጠው ከቀርከሃ ወገን እንኳ አይደለም፤ ድራሴና የሚባል የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው። ጥድ ግን ደጅ ካልዋለ ይሞታል፤ ሞቶም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ ባለቤቱ ሬሳ ሲያጠጣ ይከርማል። አራቱንም «ቦንሳይ» ካልሻቸው ገዢው የትኛውን ሕግ ይከተል? የእኔ ቅሬታ ከ1,800 ብሩ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው ስም ሲደበቅ የአያያዙ መንገድም አብሮ ይደበቃል።

ሳህን ላይ የተተከለ የሚለውም የቃሉ ፍቺ እንጂ የጥበቡ አይደለም። ዋሽንግተን ከሚገኘው የቦንሳይና ፔንጂንግ ሙዚየም ውስጥ አንድ ነጭ ጥድ አለ። መግራቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1625 ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ሲወድቅ ከፍንዳታው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከግቢ አጥር ጀርባ ሆኖ ተረፈ። በ1976 ባለቤቱ ለአሜሪካ ሰጡት፤ ከሂሮሺማ የተረፈ መሆኑን የሙዚየሙ ሰዎች የሰሙት ግን በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊጎበኙት ሲመጡ ነው። ያን ዛፍ አንድ ቤተሰብ በትውልድ ቅብብል ቅርንጫፉን በሽቦ እያጎበጠ፣ ሥሩን እየገረዘ፣ አፈሩን እየለወጠ አቆየው። ሥራውን ነው ቦንሳይ የሚያሰኘው።

ነጋዴዋ፦ አራት መቶ ዓመት! እንግዲህ መለኪያው ይህ ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ ቦንሳይ ለመሸጥ ከወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ዘመን በፊት መጀመር ነበረብኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ ያዩት ዋጋውን እንጂ ልፋቱን አይደለም። ያ ሥሩ ያበጠው ፋይከስ ብዙውን ጊዜ ወፍራም ሥር ላይ ሌላ ትንንሽ ቅጠል ያለው ዝርያ የተዳቀለበት ነው፤ እንደ ተዳቀለ አቮካዶ ይቁጠሩት። እኔ ጋ ሲደርስ ቅጠሉ ረግፎ ነው የሚመጣው። ጥላ ሥር አስቀምጬ፣ አክሜ፣ ሲያገግም ነው የምሸጠው። የቦርከናን ሙቀት ለምዶ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ደሴ ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሌሊቱን ቅጠሉን ያረግፈዋል። ይህን ለገዢው በአፌ እነግረዋለሁ። «መስኮት አጠገብ አታሳድሩት» እላለሁ። የሚሰማኝ ስንቱ ነው?

ቢሆንም የአያያዙ ነገር ልክ ነዎት። ከወረቀቱ ላይ የተክሉን ስም እጨምራለሁ፦ «ቦንሳይ፣ ፋይከስ»፣ «ቦንሳይ፣ ጄድ»። ቦንሳይ የሚለውን ግን አልፍቅም። ከፋቅሁ ዳቦዬን ነው የምፍቀው።

መምህሩ፦ ስሙን መጨመርሽ ደግ ነው፤ ግማሽ መንገድ መጣሽ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ለተክል በአፍ መንገር አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። ገዢው ለሌላ ሰው ስጦታ ሲሰጠው ምክርሽ ሱቅ ውስጥ ይቀራል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ችግኝ ለማየት ስመጣ ከጓሮሽ በርሚል ላይ በዝርግ ሳህን ያለ ወይራ አይቻለሁ። ቅርንጫፎቹ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥመዋል። ደቡብ አፍሪካውያን የቦንሳይ ሠሪዎች የሚወዱት ይኸው ወይራ ነው፤ እኛ ለማጠኛ እንፈልጠዋለን። ዋጋውን ብጠይቅሽ «አይሸጥም» አልሽኝ። ምንድን ነው ብልሽ «ወይራ» አልሽኝ። ለምን ቦንሳይ አላልሽኝም?

ነጋዴዋ፦ ጋሼ፣ ጓሮ ድረስ ገብተው ያዩትን እስካሁን አልረሱትም!

እሱ አራት ዓመቱ ነው። ሥሩን ሁለት ጊዜ ገርዤዋለሁ፤ አንዴ ልገድለው ነበር። በግራ በኩል ያለው ቅርንጫፉ ገና አልታጠፈልኝም፣ ሽቦው ልጡን እንዳይበላው በየጊዜው እየፈታሁ መልሼ አስራለሁ። ቦንሳይ ያላልኩዎት ገና ስለሆነ ነው።

መምህሩ፦ ክርክሬን አንቺው ጨረስሽልኝ።

ነጋዴዋ፦ አልጨረስኩም። ገና ነው ያልኩት የራሴን ዛፍ ነው። ከፊት ለፊት ያሉት ኪራይ ለመክፈል የሚሸጡ ናቸው፤ ወይራው ኪራይ ለመክፈል አይደለም።