ነዳጅ ያለው ሁሉ ደላው ማለት አይደለም

ጋሼ ይቅርታ ያርጉልኝና «አንጎላ ነዳጅ ስላላት ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቧ ከሩዋንዳ ሕዝብ የተሻለ ይኖራል» ያሉት ብዙ ሰው የሚለው ነገር ነው ግን ልክ አይደለም። በነፍስ ወከፍ ገቢ ካየነው አዎ አንጎላ ሩዋንዳን ከእጥፍ በላይ ትበልጣለች፣ ግን አማካይ ዕድሜ ካዩ ሩዋንዳ ትቀድማለች፣ 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትም አንጎላ ውስጥ ናቸው የሚበዙት። እኛ መንዝ መቶ በግ ያለው ሰውዬ ልጁ ባዶ እግሩን ቢሄድ ልጁ ደላው እንላለን እንዴ?

ሩዋንዳ ነዳጅ የላትም፣ ግን እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ እልቂት በኋላ በየመንደሩ የጤና ሠራተኛ አቆመች፣ የማኅበረሰብ ጤና መድኅኗም አብዛኛውን ሕዝብ ይዟል፣ እኛም አገር እኮ በየዓመቱ መዋጮ የምንከፍልበት አለ፣ እንደዛ በሉት። የአንጎላ የነዳጅ ብር ግን ዋና ከተማዋ ሉዋንዳ ላይ ቀረ፣ ከተማዋ ለውጭ ሰው ከዓለም ውድ ተብላ ታውቃለች፣ ገጠሩ ደግሞ ከጦርነቱ የቀረ ፈንጂ እየለቀመ ነው።

በርግጥ የአንጎላ የእርስ በርስ ጦርነት 27 ዓመት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው ያበቃው፣ ዘግይታ ነው የጀመረችው፣ እሱን አልክድም። ሩዋንዳም ገነት አይደለችም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ገደማ ከ3 ሕፃን 1ዱ ያህል በምግብ እጥረት የቀነጨረ ነበር፣ መንግሥትን መተቸትማ አይሞከርም።